ሴትዮዋ የተመለሰችበት ፊልም

«እኮ ምክንያቱን ንገረኛ! አትናገሪ ብሎ ዝም፣ ምን የሚሉት ነው? እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃን ነሽ ወጣኝ?»

«ታዲያ ምን ወጣህ? ከነጋ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ትላለህ። ‹ስለ ሌሎቹ ፊልሞች ተናገሪ፣ ስለ ሻንጣዋ ግን ተዪ።› ስለ ሻንጣዋ ካልተናገርኩ ለምን መድረክ ላይ እወጣለሁ? ስለ አየር ጠባይ ላወራ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የምትለው ካውያውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ነበር። ከፊቷ ራሷ ቆርጣ ራሷ የሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ተዘርግቷል፤ አንዱ እጅጌ ተተኩሶ አልቋል፣ ሌላው ገና ነው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ የሲኒማ ቤቱን ቁልፎች ከአንዱ መዳፉ ወደ ሌላው ያገላብጣል። የከተማው ሰው «ባለሪሉ» ይለዋል። ሪል የሚባለው የፊልም ጥቅል ከሲኒማ ቤቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዛሬ ፊልም የሚመጣው ኪስ ውስጥ በምትገባ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስሙ ግን እሱ ላይ ቀርቷል።

«የቤታችንን ነገር አደባባይ አታውጪው ነው የምልሽ» አለ። አፉ ላይ የመጣለትን ነው የወረወረው።

«የቤታችንን ነገር ያልሰማ አለ እንዴ? ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ ሳትቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ትኬቴን ቆርጬ፣ ልሄድ ስል ያን ፊልም አይቼ ቀረሁ። ይሄ ምን ነውር አለው? ባሏን ትታ ልትሄድ ነበር ይሉኛል ብለህ ነው? ሄድኩ እንዴ? ይኸው አለሁ! ካውያ ይዤ!»

«ተዪው በቃ።»

«አንተ ነህ የማትተወው!» አለችና ካውያውን ሁለተኛው እጅጌ ላይ አሳረፈችው። እርጥቡ ጨርቅ ጭስስ አለ።

ባለሪሉ ምክንያት አጥቶ አልነበረም። ምክንያቱ ልጅ ወልደው፣ ልጅ አሳድገው፣ ልጃቸው ነርስ ሆና ወደ ትልቁ ከተማ እስክትሄድ ድረስ አብሮት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ ገና አዲስ ሙሽሮች ናቸው። ልብስ ሰፊዋን በትልቁ ከተማ ካለው ቴአትር ቤት፣ ከአልባሳት ክፍሉ፣ ነይና ሥሪ የሚል ጥሪ ደረሳት። ለባሏ ነገረችው። ባሏ «እንደፈለግሽ» አላት። አትሂጂ አላላት፤ አብሬሽ ልምጣም አላላት። እሱ ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚንተከተከው አንድ፣ ከአፉ የሚወጣው ሌላ። እሷም አኮረፈች፣ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች፣ ለእሁድ ጠዋት አውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የምትወዳት ተዋናይት አዲስ ፊልም ይታይ ነበርና እሱን ሳታይ እንደማትሄድ ባሏ ያውቃል። የዚያችን ተዋናይት ፊልም ቢያማትም አታሳልፍም።

ባለሪሉ እንደ ልማዱ ፊልሙን አርብ ዕለት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሞከረው። ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ ሻንጣ ይዛ ትታው ወደሄደችው ቤቷ ስትመለስ ይጀምራል። በሩ ላይ ትቆማለች፤ አታንኳኳም። ከዚያ በቤቱ ውስጥ ከባሏ ጋር የምትኖረው ኑሮ ይመጣል፤ ዝምታው፣ ጠረጴዛው፣ የማይነሳው ጥያቄ። መጨረሻ ላይ ያንኑ ካፖርት ለብሳ ያንኑ ሻንጣ ይዛ በዚያው በር ትወጣለች። ዞር ብላ አታይም። ተዋናይቷ ያን አወጣጥ እንዲህ አድርጋ ነበር የወጣችው፦ ትከሻዋ መጀመሪያ ከብዷት፣ ኋላ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቀለል እያላት፣ አንድ ሰው ከጀርባዋ ሸክም እንዳወረደላት። ባለሪሉ በትንሿ የማሽን ክፍል መስኮት አየው። ይህን አካሄድ ያየች ሴት የእሁዱ አውቶቡስ እንደማያመልጣት ገባው።

ወደ ቤቱ ሄዶ ‹ቅሪልኝ› ሊላት ይችል ነበር። ወደ ቤቱ አልሄደም። ምላጭ አነሳ።

የመጨረሻውን ጥቅል መጀመሪያ፣ የመጀመሪያውን መጨረሻ አደረገው። የተዋናዮቹን ስም የያዘውን ቁራጭ ከነበረበት ቆርጦ ከፊት ለጠፈው፤ «ተፈጸመ» የሚለውን ደግሞ ወስዶ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ገብታ ከምትጠፋበት ኋላ ገጠመው። በዚህ መልክ ፊልሙ ሴትዮዋ ቤቷን ጥላ ስትሄድ ጀምሮ ተመልሳ ስትመጣ የሚያልቅ ሆነ። መሃሉን ሰው ሁሉ ‹ትዝታዋ ነው› ብሎ ራሱ ተረጎመው፤ እንዲያውም የደራሲው ብልሃት ነው ተብሎ ተደነቀ። ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ አይታ ወደ ቤት ገባች፣ ሻንጣዋን ከፈተች፣ ልብሷን አንድ በአንድ እያጣጠፈች ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰች። «በሩ ላይ እንዴት እንደቆመች አየህ? ሳታንኳኳ?» ነው ያለችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ፊልሙ ወደሚቀጥለው ከተማ ከመሄዱ በፊት ባለሪሉ እንደነበረ አድርጎ መልሶ ሰፋው። ከተማው «ሻንጣዋ» ብሎ ስም ያወጣለት ፊልም ከዚያ በኋላ ዳግም አልመጣም፤ ቅጂው ሁሉ ጠፍቷል ተባለ። ባለሪሉም ምስጢሩ አብሮ የተቀበረ መስሎት ተነፈሰ።

ባለፈው ወር ግን የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ገባ። «ሻንጣዋ ተገኘች!» አለ። አንድ ያልታወቀ መጋዘን ውስጥ ቅጂው ተገኝቶ፣ ተጠርጎና ታድሶ፣ ተዋናይቷ ራሷ ይዛው በየከተማው እየዞረች ነው፤ እዚህም ትመጣለች። «ከፊልሙ በፊት ስለ ሥራዎቿ የሚናገር ሰው እንፈልጋለን፤ ከአንቺ ሌላ ማን አለ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሪሉን እንቅልፍ ጠላው። በየምሽቱ «አንድ ነገር ልነግርሽ…» ብሎ ይጀምራል፤ እሷ ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ስማኝ» ብላ ተዋናይቷ በየፊልሙ የሆነቻቸውን፣ አጣቢዋን፣ ዳኛዋን፣ ትኬት ቆራጯን ታነሳበታለች። እሱም ይሰማል። ስትናገር ፊቷ እንደ ልጅነቷ ይበራል። ያን ፊት እያየ ምላጩን እንዴት ያውጣው?

አሁን ሁለተኛው እጅጌ ተተኩሶ አለቀ። ቀሚሱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«መጨረሻው» አለ ባለሪሉ፣ «የፊልሙ መጨረሻ አንቺ እንደምታስቢው ባይሆንስ?»

ዘወር ብላ አየችውና ሳቋ አመለጣት። «የሻንጣዋን መጨረሻ አንተ ለእኔ ልትነግረኝ! አንተ እኮ ማሽኑን ነው የምታየው፣ የኔ ጌታ። ይበራል፣ አይበራም፤ ይጮሃል፣ አይጮህም። ፊልሙን የማየው እኔ ነኝ።»

«ስሚኝማ…»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። ፋርማሲስቷ ናት፤ ገና አጥሩ ጋ ሳትደርስ ነው የምትጣራው። «እንግዳዋ ደርሳለች! ስታዪያት ይቺ ናት እንዴ ትያለሽ፤ እዚህ ነው የምትደርሰኝ!» ብላ የራሷን ደረት አሳየች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አንከብክባ ወደ ጓዳ ሮጠች። ባለሪሉ ቁልፎቹን ጨብጦ ወጣ።

ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ሥራ አስኪያጁን አገኘውና ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

«ፊልሙ ይቅደም» አለው። «ንግግሩ ከፊልሙ በኋላ ይሁን።»

«ምነው?»

«ይሻላል። ሰው ፊልሙን አይቶ ሲሰማት…»

«አንተ ሰው፣ ስንት ዘመን ሲኒማ ቤት ሠርተህ? ፊልም አይቶ ንግግር የሚሰማ ፍጡር አይተህ ታውቃለህ? መብራት ሲበራ ሁሉም ጫማውን ነው የሚፈልገው።» ትከሻውን መታ አደረገው። «አይዞህ፣ ሚስትህ አታሳፍርህም። አንተ ማሽንህን ያዝ።»

ማሽኑን ለመያዝ ጠባቡን ደረጃ ወጣ። የማሽን ክፍሉ ዱሮ ዘይትና የጋለ ብረት ይሸት ነበር፤ አሁን አንድ ጥቁር ሳጥንና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ቀርተውታል። ፊልሙን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ምስል አየ፦ ስሞቹ፤ ከዚያ መንገድ፤ ከዚያ ሴትዮዋ፣ ካፖርቷ፣ ወደ በሩ ስትመጣ። አስቆመው። ይሄ በምላጭ አይቆረጥም። ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪኩ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ አንዴ ቀጭ ቢያደርገው፣ ‹ማሽኑ ተቃጠለ› ቢል፣ ተዋናይቷ ነገ ሌላ ከተማ ናት። እጁን ዘርግቶ ማጥፊያው ላይ አሳረፈው። ብረቱ ቀዘቀዘው። እጁን ሳያነሳ በትንሿ መስኮት ወደ ታች አየ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ወንበር ላይ ከዘራ የያዘች ትንሽዬ አሮጊት ተቀምጣለች፤ ስክሪን ላይ ግድግዳ የምታህለዋ ሴት ናት። ሚስቱ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀት አልያዘችም። እጇ መጀመሪያ የሚገባበት አጥቶ ተንከራተተና ወገቧ ላይ አረፈ።

«እዚህ ፊት ለፊቴ ስላሉ እርስዎ እላለሁ» አለች ወደ ተዋናይቷ ጎንበስ ብላ። «እዚያ ላይ ስላለችው ሳወራ ግን» ስክሪኑን አሳየች፣ «አንቺና እሷ ነው የለመደብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ተዋናይቷም ከዘራዋን ከፍ አድርጋ ፈቀደች።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ሰውን የማየው በልብሱ ነው። አጣቢዋን ታስታውሷታላችሁ? ሌሎች ተዋናዮች አጣቢ ሲሆኑ እጅጌያቸውን በሁለት ጣት ነው የሚሰበስቡት፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው። እሷ ግን በጥርሷ ነው የሳበችው! ሁለቱ እጆቿ አረፋ ናቸዋ፣ በምን ትሰብስበው? ያን ያየሁ ቀን ይቺ ሴት አትዋሽም አልኩ። ዳኛ ስትሆን ደግሞ ካባዋ ሰፍቷታል፤ የሰፋትም ከእሷ በፊት የነበረው ዳኛ ወንድ ስለሆነ ነው። ማንም ይሄን አይነግረንም። ግን ከመፍረዷ በፊት ሁልጊዜ ትከሻውን ወደ ላይ ትስበዋለች። በእያንዳንዱ ፍርድ ትስበዋለች። የመጨረሻው ፍርድ ላይ ሳትስበው ቀረች። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ፤ ጎረቤቴ ‹ምን አስለቀሰሽ፣ ተከሳሹ ነፃ ተለቀቀ እኮ!› አለችኝ።»

«እኔ ነኝ!» ብላ ፋርማሲስቷ ከመሃል ጮኸች። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

«ባሏ የሞተባት ሆና ደግሞ ልብሱን ለሰው ስታድል አለ። አንዱን ሸሚዝ አሽታ መልሳ ታጣጥፈዋለች። ከዚያ ግን ሰጠችው! ብታስቀምጠው ኖሮ እንደ ሌላው ፊልም ይሆን ነበር። ሰጠችውና ተቀባዩ ሲሄድ ሸሚዙን በዓይኗ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘችው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ቤቴ ገብቼ መርፌ መያዝ ያቅተኛል።»

ላይ፣ በማሽን ክፍሉ፣ የባለሪሉ እጅ ገና ማጥፊያው ላይ ነው። አሁን እንደምትመጣበት ያውቃል።

«ሻንጣዋን ልተዋት ተብዬ ነበር» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አልተዋትም። አብዛኞቻችሁ ታሪኬን ታውቃላችሁ። ያኔ ልሄድ ነበር። ቅሪ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሂጂ ያለኝም የለም። ልቤ ሁለት ቦታ ተቆርጦ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ እሷ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አላንኳኳችም። ስታንኳኳ ብትታይ ልመና ይመስል ነበር። ዝም ብላ ቆመች፤ ቤቴ ነው፣ ሲገባኝ እገባለሁ ያለች ነው የመሰለኝ። እኔም ሻንጣዬን ፈታሁ። ማንም አላስገደደኝም። በሕይወቴ ሌላውን ሁሉ ሰው ወስኖልኝ ይሆናል፤ እሱን ግን እኔ ነኝ የወሰንኩት። ያስወሰኑኝ እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ነው ዛሬ ላመሰግንዎት የቆምኩት።»

ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀው። ተዋናይቷ ግን ወዲያው አላጨበጨበችም። አንገቷን ዘመም አድርጋ ልብስ ሰፊዋን አየቻት፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ እሱ በሞቅታ ላይ ነበርና ራሱን ነቀነቀላትና ማጨብጨቡን ቀጠለ። ከዚያ አሮጊቷ በከዘራዋ ተደግፋ ተነሳች፣ ልብስ ሰፊዋን አቀፈቻት፣ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገብቶ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ልጄ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ። አብረን እንየው» አለቻት።

አዋቂ ናት፤ ገብቷታል፤ ብሎ አሰበ ባለሪሉ። የአዳራሹን መብራት አጠፋ፤ ማሽኑን ግን አላጠፋም። ‹እሱን ግን እኔ ነኝ የወሰንኩት› የሚለው ቃሏ ጆሮው ውስጥ ነበረ። አስጀመረው።

ስሞቹ መጡ፣ አለፉ። መንገዱ መጣ። ግራጫ ካፖርት የለበሰችው ሴትዮ ሻንጣ ይዛ ወደ በሩ መጣች፤ ቆመች፤ አላንኳኳችም።

ቀጥሎ ማጉረምረም ተነሳ።

«ባለሪሉ!» ብሎ ጡረተኛው ፖስተኛ ከኋላ ጮኸ። «ከጭራዋ ጀመርካት!»

«አረጀሃ!» አለ ሌላው።

«መነጽር ግዙለት!»

ፉጨቱ ቀለጠ። ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማና ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ገባ።

«አጥፋው! አጥፋው እንጂ! በእንግዳ ፊት ጉድ ሠራኸን! ከመጨረሻው እኮ ነው የጀመርከው! አጥፋና አስተካክል፤ ካልሆነ ‹ማሽኑ ተበላሸ› እላለሁ፣ ሌላ ፊልም እናሳያለን።»

ከዚህ የተሻለ ማምለጫ ለሰው ልጅ አይሰጥም። ባለሪሉ ማጥፊያውን አየ፤ ሥራ አስኪያጁን አየ።

«መጀመሪያው ይሄ ነው» አለ።

«ምን?»

«ፊልሙ ሲጀምር እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ ትሄዳለች። ያኔ ነው የተገለበጠው።»

«ማን ገለበጠው?»

«እኔ።»

የሥራ አስኪያጁ ሳቅ ከሆዱ ፈነዳ። «ጥቅሉ ተሳስቶብህ! ይሄን ሁሉ ዘመን!» ጉልበቱን እየመታ ደረጃውን ወረደ። ባለሪሉ ‹ተሳስቶብኝ አይደለም› ሊለው አፉን ሲያዘጋጅ ሰውዬው ታች ደርሶ ማይክሮፎኑን ይዟል።

«የተከበራችሁ ተመልካቾች! ዛሬ ነው በትክክል የምናየው! ያኔ ባለሪላችን ጥቅሉን ገልብጦብን ነው አሉ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «እኔ ደግሞ መሃሉ ትዝታዋ ነው እያልኩ ለስንቱ አስረዳሁ!» ብሎ ፖስተኛው ጮኸ። «አስተማሪ ሆኜ ነበር እኮ በዚህ ፊልም!» ፋርማሲስቷ ዓይኗን እየጠረገች ከጎኗ ያለችውን ሴት ትደግፋለች። ተዋናይቷ እንኳ ፈገግ አለች።

አንድ ጭንቅላት ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ከተዋናይቷ አጠገብ፣ በስክሪኑ ብርሃን ጫፉ የሚያበራው የሚስቱ ፀጉር። ባለሪሉ ዞር ብላ ወደ መስኮቱ እንድታይ ጠበቀ። ተሳድባም ቢሆን፣ ጡጫዋን አሳይታም ቢሆን። አልዞረችም። ፊልሙ ገፋ፤ ሳቁ በረደ፤ ጠረጴዛው መጣ፣ ዝምታው መጣ። ሰው አሁን ትዝታ ብሎ ሳይሆን ኑሮ ብሎ ሲያየው ከብዶት በየወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። መጨረሻው ደረሰ። ሴትዮዋ ካፖርቷን ቆለፈች፣ ወጣች፣ ትከሻዋ ከብዶ፣ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቀለለ። «ተፈጸመ።»

ጭብጨባው ዘግይቶ ጀመረ፤ ሲጀምር ግን አላቋርጥ አለ። መብራቱን አበራ። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ነበር ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው፤ ከዚያ በደረጃው ላይ ረጋ ያለ እርምጃ።

ገባችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። አላለቀሰችም። ፊቷ ሰው ልብስ አምጥቶላት የት ጋ እንደተቀደደ ስትፈልግ የምታሳየው ፊት ነበር።

«ተሳስቶ ነው ይላሉ ታች» አለች።

ባለሪሉ ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ስቄ ነበር፣ ለራሴ። ከዚያ ፊልሙን ሳይ አንድ ነገር መጣብኝ። ጥቅል ሲገለበጥ ከነያዘው ነው የሚገለበጠው። ስሞቹ መጨረሻ ላይ ይመጡ ነበር። ‹ተፈጸመ› የሚለው ገና እንደተጀመረ ይወጣ ነበር። ያኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ስሟን አይቼ ነው የተደላደልኩት፤ ‹ተፈጸመ› ብሎ ነው የተነሳሁት።» ትንፋሿን ሳበች። «ጨርቅ ራሱ ተሳስቶ አይሰፋም። ማን ቆረጠው? ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«አውቀህ?»

«አውቄ። አርብ ለት። ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ።»

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። የቀሚሷን አንድ ቁልፍ ይዛ ትፈትለው ጀመር።

«አንድ ቃል ነበር እኮ» አለች። «‹ቅሪ› ማለት። ቤታችን ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ምላጭ ፈልጎ፣ ማጣበቂያ ፈልጎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከመቁረጥ መጥቶ ‹ቅሪልኝ› ማለት አይቀልም ነበር?»

«እምቢ ብትዪኝስ?»

«እምቢ እልህ ነበራ!» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ወይም እሺ። እሱ የእኔ ነበር። እምቢውም እሺውም የእኔ ነበር። ክፉ ኖርን አላልኩም፤ ደህና ነው የኖርነው፤ እሱን አታምጣብኝ። ግን ለሰው ሁሉ እኔ ወሰንኩ እያልኩ ኖርኩ። አሁን ቅድም እንኳ፣ በዚያች ሴት ፊት፣ ደረቴን ነፍቼ ‹እኔ ነኝ የወሰንኩት› ብዬ ወረድኩ። አንተ እዚህ ሆነህ ትሰማለህ።»

«ዛሬ ጠዋት ልነግርሽ…»

«ዛሬ ጠዋት ‹አትናገሪ› ነው ያልከኝ።»

ከታች ስሟን ይጠራሉ፦ «የታለች? ፎቶ! ኧረ ልብስ ሰፊዋን ጥሩልን!»

«ልጃችን ጋ እሄዳለሁ» አለች። «እነ እንግዳዋ የመጡበት ሚኒባስ አሁን ወደ ትልቁ ከተማ ነው የሚመለሰው፤ ቦታ አለ አሉኝ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ሳውቅ ራሴ እነግርሃለሁ።»

ባለሪሉ አፉን ከፈተ። ‹እንደፈለግሽ› ሊል እንደሆነ ራሱን ሰማውና ዋጠው።

«ቅሪ» አለ። «ቅሪልኝ።»

አየችው። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣና ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።

«ሰማሁህ» አለች። በሩን ከፍታ ወረደች።

እሱም ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ወዲያው ደግሞ ፈትቶ፣ እንደገና ጠቅልሎ ወረደ። ደጃፉ ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ተዋናይቷን መሃል አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፤ ፋርማሲስቷ በከዘራው በኩል፣ ሚስቱ በሌላው በኩል፣ ፖስተኛው ከኋላ አንገቱን እያሰገገ። ፎቶ አንሺው «ሳቁ!» ሲል ሁሉም ሳቁ፤ ሚስቱም ሳቀች። አንዱ ባለሪሉን አይቶ «መጣ ገልባጩ!» ብሎ ጀርባውን መታው፤ ሌላው «ሠርጌ ላይ ቪዲዮ የቀረጽከው አንተ ነህ፣ እሱንስ ገልብጠኸው ይሆን? ያላገባሁ ሆኜ ልገኝ እችላለሁ!» አለው። ሰዉ ተንጫጫ። ባለሪሉም አብሮ ጥርሱን አሳየ።

ሚኒባሱ ተነሳ። ተዋናይቷ ከፊት ወንበር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ከዘራዋን አወጣችላቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ጎን እየሮጠ «እንደገና ይምጡልን!» ይላል፤ ፋርማሲስቷ እጇን እያውለበለበች ታለቅሳለች። ከኋላ ወንበር፣ በሻንጣዎችና በመሣሪያ ሳጥኖች መሃል፣ ሰማያዊ እጅጌ ለአፍታ ታየና መኪናው ጥጉን ዞረ። ፖስተኛው ‹እኔ እኮ ያኔም ጠርጥሬ ነበር› እያለ ለሚሰማው ሁሉ ይምላል። ባለሪሉ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣና የሲኒማ ቤቱን በር ሊዘጋ ሄደ።